የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት እፍግታ በፒክኖሜትር፦ 2.71 መሆን ሲገባው 2.62 የሚወጣው ለምንድን ነው?

ካልሳይት27

ጤና ይስጥልኝ። ለፕላስቲክ ቱቦ መሙያነት የሚገባ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት እፍግታ (ዴንሲቲ) በ25 ሚሊ ሊትር የመስታወት ፒክኖሜትር (ይዘቱ የታወቀ፣ ክዳኑ ቀጭን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጠርሙስ) እየለካሁ ነው። ፈሳሹ ዲስትልድ ውሃ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። የካልሳይት (የተለመደው የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) እፍግታ በሚሊ ሊትር 2.71 ግራም እንደሆነ ይታወቃል፤ እዚህ ግን ደጋግሞ የሚወጣው 2.62 ገደማ ነው። አንደኛው ልኬት ይኸው፦

ባዶ ጠርሙስ ከነክዳኑ፦ 18.4210 ግራም
ጠርሙስ + ዱቄት፦ 26.4532 ግራም
ጠርሙስ + ዱቄት + ውሃ፦ 48.3315 ግራም
ጠርሙስ + ውሃ ብቻ፦ 43.3572 ግራም

ዱቄቱ ከከረጢቱ በቀጥታ የተወሰደ ነው። ውሃ ከተጨመረ በኋላ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ተደርጎ አረፋው እንዲወጣ ተጠብቋል። አንገቱ አካባቢ ግን ቀጭን ነጭ ቀለበት ሠርቶ የሚንሳፈፍ ዱቄት ይቀራል። ችግሩ ከስሌቱ ነው ከአሠራሩ?

ሚዛን_ጠባቂ

ስሌቱ ደህና ነው። የዱቄቱ ክብደት 8.0322 ግራም። ባዶውን ጠርሙስ የሚሞላው ውሃ 24.9362 ግራም፤ ዱቄቱ እያለ የገባው ውሃ 21.8783 ግራም። ልዩነቱ 3.0579 ግራም ዱቄቱ ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ነው። ውሃ 25 ዲግሪ ላይ በሚሊ ሊትር 0.99705 ግራም ስለሚመዝን፦

8.0322 × 0.99705 ÷ 3.0579 = 2.619

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። እፍግታው በእርግጥ 2.71 ቢሆን ኖሮ ቦታ የሚለቀው ውሃ 2.9552 ግራም ብቻ ነበር። ትርፉ 0.1027 ግራም፣ በይዘት 0.10 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለት የውሃ ጠብታ ማለት ነው። ያቺን የምታህል ቦታ ውሃ መግባት ሲገባው አልገባም፤ አየር ይዞታል። ዱቄቱ ደቃቅ ከሆነ በቅንጣቶቹ መሃል የተቀረቀረውን አየር መታ መታ በማድረግ ማውጣት አይቻልም፤ የሚወጣው ትልልቁ አረፋ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቫኪዩም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ዱቄቱ ከተመዘነ በኋላ ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙላው። ውሃው ዱቄቱን አልፎ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል አቁም። ክዳኑን ሳታደርግ ቫኪዩም ዴሲኬተር (አየሩ በፓምፕ የሚሳብ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ዕቃ) ውስጥ አስገባና ቧንቧውን በጣም ቀስ ብለህ ክፈት። ዱቄቱ እርሾ እንደነካው ሊጥ እብጥ እብጥ ይላል፤ ወደ አንገቱ መውጣት ከጀመረ ቧንቧውን ዝጋና እስኪወርድ ጠብቅ። ከዚያ መልሰህ ክፈት። አረፋው ሲያቆም ጠርሙሱን አዙር አዙር አድርገህ እንደገና አስገባ። በመጨረሻ አየሩን ስትመልስም ቀስ በል፤ በአንዴ ከለቀቅከው ዱቄቱ ይበተናል። ለመሙያ የምትጠቀምበት ውሃም ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በቫኪዩም አየሩ የወጣለት ይሁን፤ አለበለዚያ ያወጣኸውን አየር ራስህ መልሰህ ታስገባለህ።

አሮጌ_ቢከር

ከቫኪዩሙ በፊት አንድ ነገር። «ከከረጢቱ በቀጥታ» የሚለው አልጣመኝም። እርጥበት የያዘ ዱቄት ስትመዝን ውሃውን ከካርቦኔቱ ጋር አብረህ እየመዘንክ ነው። ሒሳቡን ብትሠራው 1 ከመቶ እርጥበት ብቻውን 2.71ን ወደ 2.66 ያወርደዋል። ስለዚህ 105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ ሰፋ ባለ ሳህን ላይ በስሱ ተዘርግቶ። ከዚያ ሲሊካ ጄል ያለበት ዴሲኬተር ውስጥ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን እንዳትመዝነው፤ ከሳህኑ የሚነሳው ሙቅ አየር ንባቡን ያዋልላል፣ ክብደቱም አንሶ ይታያል። የሲሊካ ጄሉን ቀለምም እይ፤ ሰማያዊው ዓይነት ሮዝ ከሆነ ዴሲኬተሩ ተራ ሳጥን ነው።

ሌላው የክዳኑ ነገር ነው። የፒክኖሜትር ክዳንና ጠርሙስ ባልና ሚስት ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ታጥበው ሲመለሱ የአንዱ ክዳን ለሌላው ከተደረገ ይዘቱ ይለወጣል፤ የውሃ ብቻ ልኬትህም ዋጋ ያጣል።

ካልሳይት27

አመሰግናለሁ ጋሼ ቢከር። የቫኪዩም ነገር ግን ጥያቄ አስነስቷል። ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ነው። የፓምፑ መለኪያ እስከ −0.1 ሜጋ ፓስካል ቢደርስም መርፌው −0.074 አካባቢ ይቆማል። የፓምፑ ዘይት ተቀይሯል፣ ጎማዎቹም ታይተዋል። ፓምፑ ደክሞ ነው?

አሮጌ_ቢከር

ፓምፑ ምንም አልሆነም። ያ መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። −0.1 የሚለው ዳር የተጻፈው ባህር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን አልፋ ስለተቀመጠች የአየር ግፊቷ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ፍጹም ባዶ ብታደርገው እንኳ መርፌው ከ−0.077 አያልፍም።

አሁን 77 ሲቀነስ 74 ስንት ነው? ሦስት። ውስጥ የቀረው 3 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው ማለት ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ራሱ የሚፈጥረው የእንፋሎት ግፊት 3.17 ኪሎ ፓስካል ነው። ስለዚህ ዴሲኬተሩ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ፓምፕህ ከዚህ በታች አይወርድም፤ ውሃው በክፍል ሙቀት መፍላት ይጀምራል። ያ መፍላት ደግሞ የምትፈልገው ነገር ነው፤ እንፋሎቱ በቅንጣቶቹ መሃል እያለፈ አየሩን ጠራርጎ ያወጣዋል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ረጋ ብሎ ይፍላ፣ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት ውሃውን ማትነን፣ የፓምፑንም ዘይት ማበላሸት ነው።

ቫኪዩም የሌለው ሰው ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የሚስተካከል የውሃ ገንዳ) ውስጥ ጠርሙሱን ማፍላት ይችላል፤ የአፈር ላቦራቶሪዎች ሲሠሩበት የኖሩ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 እና 93 ዲግሪ መካከል ስለሚፈላ ከመቶ ዲግሪ አትጠብቁ። ቀጥታ ሆት ፕሌት ላይ ግን አይቀመጥ፤ ደቃቅ ዱቄት ከታች ይታፈንና ድንገት ፈንድቶ ግማሹን ይዞት ይወጣል።

የሲሚንቶ_ላብ

ሁላችሁም ስለ አየር እያወራችሁ ያንን ነጭ ቀለበት አለፋችሁት። የሚንሳፈፍ ካልሲየም ካርቦኔት? ከውሃ ሁለት ነጥብ ሰባት እጥፍ የሚከብድ ነገር?

ለቱቦና ለገመድ መሸፈኛ ፕላስቲክ የሚሄደው ካርቦኔት ብዙውን ጊዜ በስቴሪክ አሲድ የተሸፈነ ነው። ሽፋኑ ዱቄቱ ከፕላስቲኩ ጋር እንዲዋሃድ ያደርገዋል፤ ውሃን ግን ይገፋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ቢከር ውስጥ ውሃ አድርግና ከላዩ ቁንጥር ዱቄት ነስንስ። ያልተሸፈነው ወዲያው እየረጠበ ይሰምጣል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። የተሸፈነው ላይ ላዩን ይቀመጣል፤ በስፓቱላ ወደ ታች ብትገፋው እንኳ ብርማ የአየር ከረጢት ይዞ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ ውሃውም ጥርት እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ በውሃ ቀኑን ሙሉ ቫኪዩም ብትስብ ለውጥ የለም፤ ውሃው ቅንጣቱን ካልነካው አየሩ የት ይሄዳል?

አንድ ጠብታ የሳህን ሳሙና ውሃው ውስጥ ማድረግ የሚረዳበት ጊዜ አለ፤ አረፋው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኬሮሲን ይሻላል፤ በእኛ አገር ነጭ ጋዝ የሚባለው። ሲሚንቶም የሚለካው በሱ ነው፤ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ይጣበቃላ። ከማደያ የመጣውን ግን እንዳለ አትጠቀሙበት። ውሃ ያልያዘ ካልሲየም ክሎራይድ ጨምራችሁ አንድ ሌሊት አቆዩትና በማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት። እፍግታውን ደግሞ ከመጽሐፍ እንዳትወስዱ፤ ከማደያ ማደያ ይለያያል። በዚያው ጠርሙስ ለኩት፦ ጠርሙሱን የሞላው ነጭ ጋዝ ክብደት ለሞላው ውሃ ክብደት ይካፈላል፣ በውሃው እፍግታ ይባዛል።

ቫኪዩም ውስጥ ነጭ ጋዝ እንደ ውሃ ቶሎ አይፈላም፤ ቀለል ቀለል ያሉት ክፍሎቹ ግን ስለሚተኑ ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ፓምፑ የዘይት ከሆነ በመሃል ትነቱን የሚይዝ ማጥመጃ ይኑር። እሳትና ክፍት ሆት ፕሌት ክፍሉ ውስጥ አይኑር።

ጠርሙሱን ሲያጥቡ መጀመሪያ አሴቶን፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ውሃ። ግድግዳው ላይ የቀረ ነጭ ካርቦኔት በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ይለቃል፤ ብሩሽ አያስፈልግም። ብሩሽ ውስጡን ይጭራል።

ፒፔት_በእጄ

ሌ ሻተልዬ ፍላስክ ያላችሁ ከሆነ ለዚህ ዱቄትም ይሠራል? የኛ የትምህርት ክፍል ፒክኖሜትሮቹ ተሰብረው ያሉት እሱ ብቻ ነው።

የሲሚንቶ_ላብ

ይሠራል፣ መጠኑን ብቻ አስተካክሉ። ፍላስኩ ረጅም አንገት አለው፤ ከታች ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሊትር፣ መሃሉ ላይ ካለው እብጠት በላይ ደግሞ ከ18 እስከ 24 ሚሊ ሊትር ምልክት አለው። ነጭ ጋዙ ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ እንዲያርፍ ይሞላል፤ ከፈሳሹ በላይ ያለው የአንገቱ ግድግዳ በጨርቅ ይደርቃል። ዋተር ባዝ ውስጥ ቆይቶ ይነበባል። ከዚያ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ተጨምሮ ሲያልቅ ክዳኑ ይደረግና ፍላስኩ ዘንበል ብሎ ይሽከረከራል፤ አረፋ መውጣት እስኪያቆም። ተመልሶ ዋተር ባዝ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛው ንባብ ይወሰዳል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ0.2 ዲግሪ አይብለጥ።

ለፖርትላንድ ሲሚንቶ የተለመደው 64 ግራም ነው። ከ0.4 ተነስቶ 20.7 ላይ ከቆመ 64 ÷ 20.3 = 3.15፤ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) የሚሰጠው እዚያ አካባቢ ነው። ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ አመድ ዓይነት ማዕድን) የገባበት ፒፒሲ ከዚህ ዝቅ ይላል። ካርቦኔት ግን ቀለል ስለሚል 64 ግራም ወደ 24ቱ ምልክት ዳር ይወስድሃል። 55 ግራም አድርገው፤ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ያርፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱቄቱን ሲጨምር ነው። አንገቱ እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ይለጠፍና እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። በሽቦ መጎርጎር ትጀምራለህ፤ ሽቦው ላይ ተለጥፎ የወጣው ዱቄት ደግሞ ከ55ቱ ግራም ላይ የተሰረቀ ነው።

ሦስተኛ አስርዮሽ ከዚህ ዕቃ አትጠብቁ።

ፋርማ_ቀመር

ጣልቃ ልግባና፣ ጠያቂው የትኛውን እፍግታ ነው የሚፈልገው? እስካሁን የተወራው የቅንጣቱ የራሱ እፍግታ ነው። የከረጢት መጠን፣ የሆፐር (ዱቄት ወደ ማሽን የሚያፈስ ባለ ጉሮሮ ዕቃ) ወይም የማደባለቂያ መያዣ ለማስላት ከሆነ ግን 2.71ም 2.62ም አይጠቅምህም። የሚያስፈልግህ ዱቄቱ ከነአየሩ ያለው እፍግታ ነው፤ ጅምላ እፍግታ እንበለው።

በመድኃኒት ላቦራቶሪ የምንሠራው እንዲህ ነው። ዱቄቱ በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፤ የተቋጠረው እንዲፈታ ነው እንጂ እንዲፈጭ አይደለም፣ ስለዚህ በእጅ አትሹት። 100 ግራም ተመዝኖ 250 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ሳይጠቀጠቅ ይፈስሳል። ላዩ በስፓቱላ ቀስ ተብሎ ይስተካከልና ይነበባል። 142 ሚሊ ሊትር ካነበብክ 100 ÷ 142 = 0.70።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ መምቻው ማሽን ላይ ይወጣል። አንደኛው ዓይነት ሲሊንደሩን ከ14 ሚሊ ሜትር ከፍታ በደቂቃ 300 ጊዜ ይጥላል፤ ሌላኛው ከ3 ሚሊ ሜትር 250 ጊዜ። ከ10፣ ከ500 እና ከ1,250 ምት በኋላ ይነበባል። በ500 እና በ1,250 መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የ1,250ው ንባብ ይወሰዳል፤ ከበለጠ ሌላ 1,250 ይጨመራል። 101 ላይ ቆመ እንበል፤ 0.99 ሆነ። የሁለቱ ጥምርታ፣ የሃውስነር ቁጥር የሚባለው፣ 142 ÷ 101 = 1.41 ነው። ከ1.35 እስከ 1.45 ያለው «በደንብ የማይፈስ» ከሚባለው ክፍል ነው፤ ሆፐር ውስጥ ድልድይ ሠርቶ ይቆማል ማለት ነው።

ሁለቱን ደግሞ አገናኟቸው። ጅምላው 0.70፣ ቅንጣቱ 2.71 ከሆነ ከሲሊንደሩ ውስጥ 74 ከመቶው አየር ነው። ያንን ሁሉ አየር ነው ፒክኖሜትሩ ውስጥ አስወጡ የምትሉት። ሁለት ጠብታ መቅረቱ ብዙም አይገርምም።

ካልሳይት27

የሚፈለገው የቅንጣቱ እፍግታ ነው፤ ለፕላስቲኩ ቀመር የክብደት መቶኛን ወደ ይዘት መቶኛ ለመቀየር። የመነስነስ ፈተናው ተሠርቷል፤ ዱቄቱ ላይ ላዩን ቀረ፣ ውሃውም አልደፈረሰም። ስለዚህ የተሸፈነ ነው። በነጭ ጋዝ ልሞክር ነው። ሙቀቱን ምን ያህል መጠበቅ አለብኝ? ዋተር ባዛችን ግማሽ ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ሚዛን_ጠባቂ

የሲሚንቶ ሰው ልክ ነው፤ ቀለበቱን አላስተዋልኩትም ነበር፣ ነገሩ እሱ ነው።

ስለ ሙቀት። በውሃ ከሆነ የ1 ዲግሪ ልዩነት በ22 ሚሊ ሊትር ላይ 0.006 ግራም ያህል ያመጣል፤ 2.710 የነበረው 2.705 ይሆናል። ነጭ ጋዝ ግን በሙቀት ከውሃ እጅግ የበለጠ ይሰፋል። በ1 ዲግሪ የሚያመጣው ስህተት 0.02 ይጠጋል። ስለዚህ በነጭ ጋዝ ስትሠራ ሁለቱን ሙሉ ልኬቶች፣ ከነዱቄቱና ያለ ዱቄቱ፣ በአንድ ባዝ ውስጥ በተከታታይ ሥራቸው፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ አንገታቸው ድረስ ተዘፍቀው ይቆዩ። ቴርሞሜትሩ ባዙ ውስጥ ይሁን እንጂ በማሽኑ ስክሪን አትመን። ግማሽ ዲግሪ ሲወዛወዝ ባዙን አጥፍተህ ብዙ ውሃ ያለበት ባልዲ መጠቀም ሳይሻል አይቀርም፤ ብዙ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይቀይርም።

ከባዙ ሲወጣ አንገቱን ብቻ ያዝ። ሆዱን በመዳፍህ ከጨበጥከው ፈሳሹ ይሞቅና በክዳኑ ቀጭን ቀዳዳ ይፈሳል። የክዳኑን አናት በሶፍት ስትጠርግ ጠፍጣፋውን ጥረግ እንጂ ቀዳዳው ላይ አታሳርፈው፤ ሶፍት ፈሳሹን ከውስጥ ይመጥጣል።

የስህተቱ አቅጣጫ ራሱ ይናገራል፤ ይህን ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፦

እፍግታው ዝቅ ካለ፦ አየር ቀርቷል፣ ዱቄቱ እርጥብ ነው፣ ከተመዘነ በኋላ ዱቄት በክዳኑ አፍ ወጥቷል፣ ወይም ያለ ዱቄት ሲመዘን የጠርሙሱ ውጭ እርጥብ ነበር።
እፍግታው ከፍ ካለ፦ ዱቄቱ በፈሳሹ እየሟሟ ነው፣ ወይም ከነዱቄቱ ሲመዘን የጠርሙሱ ውጭ እርጥብ ነበር።

የዱቄቱም መጠን ይታይ። 8 ግራም ጥሩ ነው፣ ጠርሙሱን ግማሽ ያህል ይይዛል። አንዳንዱ «ዱቄት እንቆጥብ» ብሎ 1 ግራም ያደርጋል። የ1 ግራም ካርቦኔት ይዘት 0.37 ሚሊ ሊትር ነው፤ 0.005 ግራም ብትስት ከመቶ ከ1 በላይ ሄደ። በ8 ግራም ግን ያው ስህተት 0.2 ከመቶ አይሞላም።

ለጥንቁቆቹ፦ የአየር ተንሳፋፊነት እርማት አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ነው። የአየሩ እፍግታ በሚሊ ሊትር 0.0009 ግራም ገደማ ስለሆነ በውሃ የተለካው 2.710 ወደ 2.708 ይወርዳል። ሁለተኛ አስርዮሽ ለሚፈልግ ሰው ተውት።

ሂሊየም_ሁለት

ጋዝ ፒክኖሜትር ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ይህ ሁሉ የአረፋ ጦርነት የለም። አሠራሩ የቦይል ሕግ ነው። ይዘቱ የታወቀ ክፍል ውስጥ ናሙናው ይቀመጣል፣ ሂሊየም ይሞላል፣ ግፊቱ ይነበባል። ቀጥሎ ወደ ሁለተኛ የታወቀ ክፍል ይለቀቅና ግፊቱ እንደገና ይነበባል።

የናሙና ይዘት = የናሙና ክፍል − ሁለተኛ ክፍል ÷ (የመጀመሪያ ግፊት ÷ የሁለተኛ ግፊት − 1)

እዚህ ያሉት ግፊቶች ከውጭው አየር በላይ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ከፍታ ቦታ ላይ መሆን ስሌቱን አይነካውም፤ ከመነሻው ዜሮው በትክክል መያዙ ነው ዋናው።

ሂሊየም የተመረጠው አቶሙ ትንሽ ስለሆነ፣ ቀዳዳ ሁሉ ስለሚገባና ከዱቄቱ ገጽ ጋር ስለማይጣበቅ ነው። ናይትሮጅን ርካሽ ነው፤ ለካልሳይት ዓይነቱ ቀዳዳ ለሌለው ነገር ያገለግላል። ገጹ ሰፊ ለሆነ፣ እንደ ሲሊካ ጄልና አክቲቭ ካርቦን ላለ ዱቄት ግን ናይትሮጅን ገጹ ላይ ይለጠፋል። ማሽኑ የተለጠፈውን ጋዝ «ባዶ ቦታ» ብሎ ስለሚቆጥረው እፍግታው ከእውነቱ በላይ ይወጣል።

ኩባያውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሙሉት። ግርጌው ላይ ትንሽ ዱቄት አድርጎ መለካት ማሽኑን ባዶ ማስለካት ነው። ንባቡ ከዙር ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ ደግሞ ናሙናው ገና እርጥበት እየተፋ ነው፤ አማካይ ወስዳችሁ አትለፉት፣ መልሳችሁ አድርቁት።

ፒፔት_በእጄ

ለጨውና ለኮፐር ሰልፌት ዓይነት በውሃ ለሚሟሙትስ ነጭ ጋዙ ይሠራል?

አሮጌ_ቢከር

ይሠራል። የገበታ ጨው 2.16 ወይም 2.17 ከሰጠህ ደህና ነህ፤ ለልምምድም ጥሩ ናሙና ነው። ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት ግን ኦቨን እንዳታስገባው። ውስጡ ያለው አምስት የውሃ ሞለኪውል የክሪስታሉ አካል ነው፤ 105 ዲግሪ ላይ አብዛኛው ይሄዳል፣ ቀለሙም ይገረጣል፣ የምትለካውም ሌላ ነገር ይሆናል። በክፍል ሙቀት አየር ላይ ይድረቅ። ቫኪዩሙም ለአጭር ጊዜ ይሁን፤ ጠንካራ ቫኪዩም ውሃውን ከክሪስታሉ ይጎትታል።

ካልሳይት27

የነጭ ጋዙ ውጤት። ዱቄቱ 105 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ደርቋል፤ 25 ዲግሪ፣ ባልዲው ዘዴ።

ባዶ ጠርሙስ፦ 18.4210
ጠርሙስ + ዱቄት፦ 26.5356
ጠርሙስ + ዱቄት + ነጭ ጋዝ፦ 44.0766
ጠርሙስ + ነጭ ጋዝ፦ 38.3915

የነጭ ጋዙ እፍግታ 19.9705 ÷ 24.9362 × 0.99705 = 0.7985። የዱቄቱ 8.1146 × 0.7985 ÷ 2.4295 = 2.667። ቫኪዩሙ ሲሳብ አረፋው ወዲያው ወጣ፤ ነጩ ቀለበትም የለም። ግን አሁንም 2.71 አልደረሰም። ሌላ ምን ቀረ?

የሲሚንቶ_ላብ

ምንም አልቀረም፤ ይህ የዱቄትህ ትክክለኛ ቁጥር ነው። 2.71 የንጹሕ ካልሳይት ነው። ያንተ ከረጢት ውስጥ ያለው ካልሳይት ሲደመር ስቴሪክ አሲድ ነው፤ የስቴሪክ አሲድ እፍግታ ደግሞ 0.94 አካባቢ ነው። 1 ከመቶ ሽፋን ቢኖረው 0.99 ÷ 2.71 ሲደመር 0.01 ÷ 0.94፣ 0.376 ሚሊ ሊትር በግራም፤ ተገልብጦ 2.66። ሽፋኑ ከ1 ከመቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢገኝ 2.667 ልክ ቦታው ነው።

የመጀመሪያውን ልኬትህንም አሁን መበተን ይቻላል። 8.0322 ግራሙ በ2.667 ሲሰላ 3.012 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያኔ ያገኘኸው 3.067። ስለዚህ ከ2.71 ያራራቀህ 0.10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.048ቱ ሽፋኑ ራሱ፣ 0.055ቱ አየርና እርጥበት ነበር።

ሚዛን_ጠባቂ

ማረጋገጫ ከፈለግክ ክሩሲብል (ኃይለኛ ሙቀት የሚችል ትንሽ ኩባያ) ውስጥ 5 ግራም ደረቅ ዱቄት አድርገህ 450 ዲግሪ ፈርነስ (የላቦራቶሪ ምድጃ) ውስጥ አቃጥለው፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። ሽፋኑ ተቃጥሎ ይሄዳል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ወደ ኖራ መፍረስ የሚጀምረው ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሆነ አይነካም። ከ5 ግራሙ 40 ወይም 45 ሚሊ ግራም ከጎደለ የሲሚንቶው ሰው ሒሳብ ልክ ነው። ከፈርነስ የወጣውን በተራ ውሃ ፒክኖሜትር ብትለካው ደግሞ አሁን ይሰምጣል፤ ወደ 2.71 መጠጋት አለበት። በግልጽ ከዚያ ከበለጠ ዱቄቱ የተፈጨ ድንጋይ ሳይሆን በኬሚካል የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ በሙቅ መፍትሔ ውስጥ የተዘጋጀ ካርቦኔት አራጎናይት የሚባለውን ቅርጽ ሊይዝ ይችላልና። የሱ እፍግታ 2.93 ነው።

ለፕላስቲኩ ቀመር ግን የምታስገባው 2.67ን ነው፤ ማደባለቂያው ውስጥ የሚገባው ከነሽፋኑ ነውና። ሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ፈሳሹን፣ ሙቀቱን፣ የማድረቂያውን ሁኔታና «የተሸፈነ» የሚለውን ጻፍ።

ካልሳይት27

ከፈርነሱ የጎደለው ከ5.0000 ግራም 43 ሚሊ ግራም ነው፤ 0.86 ከመቶ። የውሃ ፒክኖሜትሩ 2.706።